በሳፋ የተጀመረ ባሕር፦ ውሃ የምትፈራ መምህርት ስኖርክል የለመደችበት መንገድ

የእህቴ ልጅ ደሴ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ናት። እዚህ ዘሃራ እላታለሁ፤ ስሟ ሌላ ነው። ዕድሜዋ 34፣ የሁለት ልጆች እናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ኮራል እየሣለች፣ ኮራል ድንጋይም ተክልም ሳይሆን እንስሳ መሆኑን ለተማሪዎቿ ስታስረዳ ኖራለች። በዓይኗ ግን አንድም ቀን አይታው አታውቅም ነበር። ጅቡቲ ያገባች ታናሽ እህቷ «ነይና ላሳይሽ» እያለች ሦስት ዓመት ለመነቻት። ዘሃራ ለሦስቱም ዓመት ሰበብ አላጣችም፤ አንዱን ዓመት ፓስፖርት፣ አንዱን የፈተና እርማት፣ አንዱን የልጅ ጉንፋን። በአራተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ቤታችን ቡና ልትጠጣ መጥታ አቦሉ አልፎ ቶናው ሲቀዳ እውነቱን አወጣችው።

«አጎቴ፣ እኔ ፊቴን ውሃ ውስጥ መንከር አልችልም። ገላዬን ስታጠብ እንኳን ውሃ ፊቴ ላይ ሲፈስ ትንፋሽ ያጥረኛል።»

ወደ እኔ የመጣችው ያለ ምክንያት አይደለም። ጅቡቲ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት በጀልባ ሥራ ኖሬአለሁ። መጀመሪያ ገመድ አሳሪ ነበርኩ፤ በኋላ እንግዶችን ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች አጠገብ፣ በወቅቱ ደግሞ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ በሚታይበት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ ውሃ ውስጥ የማስገባና የማወጣ ሆንኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ለፈሪ ሰው የነበረኝ መድኃኒት አንድ ቃል ነበር፤ «አይዞህ»። ብዙዎቹ በ«አይዞህ» ገቡ። ያልገቡት ጀልባው ላይ ተቀምጠው ሌላውን ሲያዩ ዋሉ። እኔም «የማይሆንለት ሰው አለ» ብዬ ፈርጄባቸው አልፌአለሁ። ይህን የምጽፈው ያንን ፍርዴን ዘሃራ ይግባኝ ብላ ስላሻረችው ነው።

ጉዞው ለጥር መጨረሻ፣ ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ተቆረጠ። ሦስት ወር ነበረን። ልትማር ያለባት ስኖርክል ነው፤ መነጽር አድርጎ፣ ጫፉ ከውሃ በላይ በሚቀር ቱቦ በአፍ እየተነፈሱ፣ ፊትን ነክሮ ላይ ላዩን መንሳፈፍ።

የፍርሃቱ አድራሻ

ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ከእናቷ ጋር ልብስ ልታጥብ ቦርከና ወንዝ ወርዳ ነበር። የክረምት መግቢያ ነው። ድንጋይ አዳልጧት በግንባሯ ወደቀች። ውሃው ከጉልበት አያልፍም፤ ነገር ግን ደፍርሶ ነበርና አፈሩም ውሃውም በአፍንጫዋ ገባ። እናቷ በሹሩባዋ ይዛ መንጭቃ አወጣቻት። ነገሩ ሁሉ «ቢስሚላህ» ብሎ ከመጨረስ የረዘመ አልነበረም። ዛሬ ስትተርከው ስለ ጎርፉም ሆነ ስለ ጥልቀቱ አታነሣም፤ የምታነሣው አፍንጫዋን ነው። «ጭንቅላቴ ውስጥ ሚጥሚጣ የተበተነ መሰለኝ» ትላለች።

ይህችን ነገር ልብ ብዬ ያዝኳት። ሰው «ውሃ እፈራለሁ» ሲል ብዙ ዓይነት ፍርሃት ባንድ ከረጢት ከትቶ ነው የሚያቀርብልህ። ጥልቀት የሚፈራ አለ። ከሥሩ ያለውን አለማየቱን የሚፈራ አለ። ሰው እንዳይስቅበት የሚፈራም አለ፤ ይህኛው ከሁሉ ይበዛል። የዘሃራ ፍርሃት ግን አድራሻው የታወቀ ነበር፤ ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ።

ከዚያ በኋላ የደረሰባትም ነገሩን አባብሶታል። ከአምስት ዓመት በፊት ዋና ልትማር ሞክራ፣ ስሙንም ቦታውንም የማላነሣው አንድ አስተማሪ «ሕፃናት እንኳን እየገቡ!» ብሎ ከኋላዋ አንገቷን ጫን አድርጎ ነክሯታል። በማግስቱ አልተመለሰችም። እንዲህ ዓይነቱን አስተማሪ ጅቡቲም አይቻለሁ፤ ተማሪው ሲያለቅስ ሥራ የሠራ የሚመስለው ሰው ነው።

ሳፋው

ባለቤቴ ለልብስ ብቻ የምትጠቀምበት ሰፊ ሰማያዊ ሳፋ አላት። እርሱን ሳሎን ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጥነው። የሞላነውም ለብ ያለ ውሃ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲነካው ብዙ ሰው፣ ጀግናም ቢሆን፣ ሳያስበው አየር ይስባል። ይህ የሰውነት ሥራ ነው እንጂ የልብ ድክመት አይደለም። ለጀማሪ ግን ሁለቱ አንድ ሆነው ይሰሙታል፤ ስለዚህ ቅዝቃዜውን ለሌላ ቀን አቆየነው።

ሳፋው ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን ሁለት ቀን በደረቅ አሳለፍን። በመጀመሪያው ቀን ቱቦውን ብቻ በአፏ ይዛ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ የማታውን ዜና አየች። ንክሻውን፣ አፍ ውስጥ የሚገባውን የቱቦውን ጫፍ፣ በጥርሷ አጥብቃ ስለያዘችው መንጋጋዋ ደከመ። ንክሻው በከንፈር የሚያዝ ነገር ነው፤ ጥርስ እንዳያመልጥ ብቻ ይደግፈዋል። ልጆቿ ሲስቁባት እርሷም ሳቀች፤ ቱቦ በአፍ ይዞ መሳቅ እንደማይቻል ያን ዕለት ተማረች።

በሁለተኛው ቀን መነጽሩን መረጥን። የዋና መነጽር ዓይንን ብቻ ይሸፍናል፤ የስኖርክሉ ግን፣ ጅቡቲ ማስክ የምንለው፣ አፍንጫንም ጨምሮ ይከድናል። ልኩ የሚታወቅበት መንገድ ቀላል ነው። ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጦ፣ ማስኩን ፊት ላይ አስጠግቶ፣ በአፍንጫ ትንሽ አየር መሳብና እጅን መልቀቅ። የሚስማማ ከሆነ ያለ ማሰሪያ ተጣብቆ ይቀራል። ከነበሩኝ ሦስት ማስኮች ሁለቱ ጭኗ ላይ ወደቁ። ሦስተኛው እንደ መዥገር ተጣበቀ። አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ስስ ቅባት ስላለው መስተዋቱን በጥርስ ሳሙና አሸነው፤ ካልታሸ ጉም ይሠራል። ጉም እንዳይዝ ሁልጊዜ ምራቅ ቀብቶ ማለቅለቅ የባሕር ሰው ወግ ነው። ዘሃራ ይህን ስትሰማ ፊቷን አጨማደደችና ከልጇ ዕቃ የሕፃን ሻምፖ አምጥታ አንድ ጠብታ ቀባችበት። እኩል ይሠራል።

በሦስተኛው ቀን ሳፋው ላይ ጎንበስ አለች። አገጯ ገባ፤ አፏ ገባ፤ መስተዋቱ ውሃውን ነካ። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... ከዚያ ዘላ ተነሣች። ውሃው ምንጣፉ ላይ ተደፋ፤ ባለቤቴም የምታውቀውን ያህል ተናገረችኝ።

እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ጥበብ አልነበረም፤ «አይዞሽ» ልል አፌን ስከፍት የዚያ አስተማሪ ድምፅ የራሴ ድምፅ መሰለኝ። በምትኩ አንድ ነገር ታሰበኝ። ለዚህች ልጅ እስካሁን ያስተማርኳት አገባቡን ብቻ ነው። መውጣቱንስ? ስለዚህ በሚቀጥለው ቀን መግባት ቀርቶ መውጣት ብቻ ተለማመድን። ራስን ቀና ማድረግ፣ ቱቦውን በምላስ ገፍቶ መትፋት፣ ማስኩን ከግንባር በኩል በአንድ እጅ መግፈፍ። ቀና፣ ትፊ፣ ግፈፊ። በደረቅ አሥር ጊዜ፣ ሳፋው ላይ አሥር ጊዜ። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ያን ምሽት ሳልጠይቃት ተመልሳ ጎንበስ አለች፤ ሃያ ሁለት ትንፋሽ ቆጠርኩ።

ጡጦው

ሃያ ሁለት ላይ የቆመችበት ምክንያት አልገባትም። «ቱቦው ክፍት ነው፤ አየሩ ያው የሳሎኑ አየር ነው። ለምን ታፈንኩ?» አለችኝ።

«ፍርሃት ነው» አልኳት።

ለባዮሎጂ መምህርት እንዲህ ያለ መልስ አይሰጥም። የቱቦውን አንድ ጫፍ በአውራ ጣቷ ደፍና እስከ አፉ ውሃ ሞላችው። ከዚያ የልጄ ልጅ ጡጦ ጠረጴዛው ላይ ነበርና ውሃውን ወደ ጡጦው ገለበጠችው። ጡጦው ላይ ያለውን መስመር አየች፤ 150 ሚሊ ሊትር፣ ሞላ ጎደል። እርሳስ ስጡኝ አለች።

በልጅ ደብተር ጀርባ ላይ የጻፈችው ይህን ነው። ሰው ዐርፎ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ሲተነፍስ 500 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ይስባል። ከዚህ ውስጥ 150 ያህሉ ጉሮሮውና የአየር ቧንቧው ውስጥ ቀርቶ፣ የሳንባው ከረጢቶች ጋ ሳይደርስ ተመልሶ ይወጣል። ይህን ለተማሪዎቿ በየዓመቱ ታስተምራለች። አሁን ቱቦው በራሱ ሌላ 150 ጨመረ። ስትስብ መጀመሪያ የሚገባው ቀድሞ ያስወጣችው ያው አሮጌ ትንፋሽ ነው። ስለዚህ ከ500ው ውስጥ ጥቅም ላይ የሚውለው 200 ብቻ ሆነ። «እኔ ደግሞ ስፈራ የምተነፍሰው አጭር አጭር ነው» አለች። «ሦስት መቶ ብቻ ብስብ፣ ሦስት መቶውም የራሴው ትራፊ ነው ማለት ነው። ቱቦው ክፍት ሆኖ መታፈን ማለት ይኼ አይደል?»

መጀመሪያ የሚያስጨንቀው የኦክሲጅን ማነስ እንዳልሆነም አስረዳችኝ። የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አንጎል «ተንፍሺ፣ ተንፍሺ» እያለ የሚጮኸው በእርሱ ምክንያት ነው። ሰውየው ይደነግጣል፤ ትንፋሹን ያጣድፋል፤ ማጣደፉ ትንፋሹን ያሳጥረዋል፤ ማጠሩ ጋዙን ያከማቻል። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት «ረጅምና ዝግ ያለ ትንፋሽ» እያልኩ ስለፈልፍ ኖሬ፣ ለምን እንደሆነ የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ያውም በጡጦ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ትንፋሽ ተነጋግረን አናውቅም። እርሷ ራሷ መለኪያ አበጀችለት። በልቧ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያለች ቀስ ብላ ታስወጣለች፤ መሳቡን ለራሱ ትተወዋለች። ሳንባው በደንብ ከተራገፈ መሳብ ማንም ሳያስተምረው ይመጣል። የኅዳር ወር ሲጋመስ ሳፋው ላይ አሥር ደቂቃ ትቆይ ጀመር። ባለቤቴ ቡና ስትቆላ ሳፋው ውስጥ ሆና በቱቦው «ሽታው ደረሰኝ» ለማለት ስትሞክር የሚሰማው ድምፅ የበሬ ይመስል ነበር።

ቱቦው ለምን እንደማይረዝም የጠየቀኝ የአሥር ዓመት ልጇ ነው። ሐሳቡ ረጅም ቱቦ ይዞ የሐይቅ ወለል ላይ መቀመጥ ነበር። የዚህ መልስ እንኳን እኔ ጋ ነበር። ውሃ በአንድ ሜትር ጥልቀት፣ ሠላሳ በሠላሳ ሴንቲ ሜትር በሆነ ደረት ላይ፣ 90 ኪሎ ያህል ይጫናል። አንድ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጤፍ ደረቱ ላይ ተጭኖበት የሚተነፍስ ሰው የለም። ስለዚህ ቱቦው አርባ ሴንቲ ሜትር እንኳን በቅጡ አይሞላም፤ ሰውየውም ፊቱን ነክሮ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል እንጂ አይወርድም።

ውዱእ

እስካሁን አፍንጫዋን በማስኩ ውስጥ ደብቀነው ነው የተጓዝነው። ማስኩ አንድ ቀን ውሃ እንደሚያስገባ ግን እርግጠኛ ነበርኩ፤ ሁሉም ማስክ ያስገባል። ያን ቀን የቦርከናው ሚጥሚጣ መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ ያለ ማስክ፣ አፍንጫዋን ክፍት አድርጋ፣ በቱቦው ብቻ እየተነፈሰች ፊቷን እንድትነክር ጠየቅኳት። እምቢ አለች። ቀጥ ያለ፣ ክርክር የሌለው እምቢታ ነበር።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ትሰማናለች። «ልጄ» አለቻት፣ «ዛሬ ስንት ጊዜ ውዱእ አደረግሽ?»

«ሦስት ጊዜ፣ እትዬ።»

«በየአንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ ውሃ ወደ አፍንጫሽ አላስገባሽም?»

ዘሃራ መልስ አልሰጠችም። ጥቂት ቆይታ ተነሥታ ወደ ቧንቧው ሄደች። ውሃ በመዳፏ ይዛ፣ እንደ ዘወትሩ አስገብታ፣ በግራ እጇ ናጠችው። ደገመችው፤ በሁለተኛው ላይ ግን ውሃውን ሳትለቅ ትንሽ ያዘችው። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር እስካሁን አልረሳውም፤ የራሱን ሳንቲም ከራሱ ኪስ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስናደርገው የኖርነው ነገር ነው፤ አንዳችንም ግን ከሳፋው ጋር አላያያዝነውም ነበር።

ተመልሳ ስትመጣ ስሙን ሰጠችው። በአፍ ሲተነፈስ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ ከኋላ የሚዘጋው ለስላሳው ላንቃ ነው። ውዱእ ላይ ሳታውቀው ስትዘጋው ኖራለች። አሁን አውቃ ትዘጋው ጀመር። ሳፋው ላይ ያለ ማስክ ስምንት ትንፋሽ፣ በሳምንቱ ሠላሳ።

ኮምቦልቻ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ከብርድ ወደ ሙቀት መውረድ ነው። አንድ ሆቴል በሥራ ቀን ጠዋት መዋኛው ባዶ ስለሚሆን በርካሽ ፈቀደልን። ዘሃራ ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን፣ ባለ ኮፍያ የዋና ልብስ ለብሳ ነበር። እኔ አጎቷ ስለሆንኩ እጇን መያዜ የሚያስቸግር አልነበረም፤ ባዕድ ብሆን ኖሮ ሴት አሠልጣኝ መፈለግ ነበረብን። ይህን የምለው ብዙ የእኛ አካባቢ ሴቶች ከውሃ የሚርቁት በፍርሃት ብቻ ስላልሆነ ነው።

ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ጎንበስ አለች። ወዲያው ማስኩ ውሃ አስገባ። ወጣች፣ አራገፈች፣ ደገመች፤ አስገባ። ሦስተኛውን ሞክራ ዓይኗ ቀላ። ከሳፋው በኋላ እንዲህ መሆኑ አሳፈራት፤ «ያው ነኝ አጎቴ፣ አልተለወጥኩም» አለች። ዳር ተቀምጦ የነበረው የሆቴሉ ጠባቂም «ስለፈራች ነው» ብሎ ፈረደ። እኔም ላምነው ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ከዚያ ማስኩን ፊቷ ላይ ቀርቤ አየሁት። የኮፍያው ጨርቅ ጠርዝ በግንባሯ በኩል ከማስኩ የጎማ ከንፈር ሥር ገብቷል። ሳፋው ላይ ቤት ውስጥ ስለነበርን ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ እንጂ ተሸፋፍና አልነበረም። ጎማው የሚጣበቀው በቆዳ ላይ ብቻ ነው፤ አንዲት ክር ወይም አንድ የፀጉር ዘለላ ከገባችበት ውሃው በእርሷ በኩል መንገድ ያገኛል። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገልብጠን፣ ማስኩን በባዶ ቆዳ ላይ አድርገን፣ ማሰሪያውን አጥብቀን፣ ኮፍያውን ከላይ መለስነው። ፀጉሯ አልታየም፤ ውሃም አልገባም። አንድ ሰዓት ሙሉ ፍርሃት ሲባል የነበረው የጨርቅ ጠርዝ ነበር። ጅቡቲ ውስጥ «የማይሆንለት ሰው» ብዬ ካለፍኳቸው ውስጥ ስንቱ ጢሙ፣ ስንቷ ፀጉሯ እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

የቀረው በፍጥነት ሄደ። ማስኩን ሆን ብላ በውሃ ሞልታ፣ ቀና ብላ የላይኛውን ጠርዝ በጣቶቿ ተጭና፣ በአፍንጫዋ እየነፋች ባዶ አደረገችው። ቱቦው ውስጥ የገባውን ውሃ «ቱ!» ብላ፣ የሾላ ፍሬ ቆዳ እንደሚተፋ ልጅ፣ በአንድ ጊዜ አስወጣችው። ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሳ በሆዷ ተኛች። እግሯ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ይታጠፍ ነበር፤ ከዳሌ መወርወሩን በአራተኛው ቀን ያዘችው።

ሐይቅ

መዋኛ ውስጥ ያለው ሰድር ነው፤ ዓሣ የለም፣ ሞገድ የለም፣ ከሥር የሚጨልም ነገር የለም። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ከደሴ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐይቅ ወረድን።

ሐይቅ ለእኛ ውሃ ብቻ አይደለም። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት መሬት ቀድሞ ደሴት ነበር፤ አፈ ታሪኩም አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በልዕልት ስለተበደለች ፈጣሪ ተቆጥቶ ዙሪያውን ውሃ አደረገው፣ እርሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ቀረ ይላል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይህን እየሰማ ያድጋል። የዘሃራ አያት ደግሞ «ሐይቅ ሰው ይጎትታል» እያለች አሳድጋታለች። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ስለሚያልፍ አያቲቱ ፈጽማ ተሳስታለች አልልም።

ከአፈ ታሪኩ ይልቅ ዘሃራን ያሳሰባት ቢልሃርዝያ ነበር። ልክ ናት። ጥገኛው የሚራባው ዳር ባሉት ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፤ ከእነርሱ ወጥቶ የሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ቄጠማ የበዛበትንና የረጋውን ዳርቻ ትተን፣ ድንጋያማና ገላጣ ቦታ መረጥን። ጥገኛው በብዛት ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ቀን ላይ ፀሐይ ሲበረታ ስለሆነ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገባን፤ ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆየንም፤ ወጥታም ወዲያው በፎጣ ታሻሸች። አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በኋላም ተመርምራ ነጻ ሆና ተገኝታለች። እንደገና ብጠየቅ ይህን ደረጃ ዘልዬ በቀጥታ ወደ ባሕሩ እሄድ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ደስ የሚል ነበር። አንድ ቆሮሶ አጠገቧ ሲያልፍ «የምጣድ ያህላል!» ብላ ብድግ አለች። ውሃ ውስጥ በመስተዋት ሲታይ ነገር ሁሉ በሲሶ ይገዝፋል፤ ቆሮሶው ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጥፋት አጠፋሁ። እጇን ይዤ ጎን ለጎን ስንንሳፈፍ ትንፋሿ እንደ ሰዓት የተስተካከለ ነበር። «አሁን ብለቃት ራሷን ችላ እንደሄደች በኋላ ስነግራት ትኮራለች» ብዬ ሳልነግራት ለቀቅኳት። ጥቂት ተጓዘች። እጇን ዘረጋች፤ አላገኘችኝም። ዞራ አየች፤ አራት ሜትር ርቄአለሁ። ቱቦውን ተፋች፣ ማስኩን ገፈፈች፣ ጃኬቱ እንደያዛት በእጆቿ ውሃውን ትመታ ጀመር። ደርሼ ስይዛት ክንዴ ላይ የጥፍሯ ምልክት ቀረ። ዳር ላይ ከብት የሚያጠጡ ልጆች ሳቁ፤ አንደኛው ተማሪዋ ሳይሆን አይቀርም።

በመኪና ስንመለስ ደሴ እስክንደርስ አልተናገረችም። በሯ ላይ ስትወርድ «እጄን መልቀቅዎ አይደለም የከፋኝ፤ ሳይነግሩኝ መልቀቅዎ ነው» አለችኝ። ፀጉሯ ተይዞ ከቦርከና ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ውሃ ውስጥ የምታምነው እጅ ብቻ ነበር፤ እኔም እርሱኑ ነበር ያታለልኩት። ሁለት ሳምንት ውሃ አልነካችም። ይቅርታ ለመጠየቅ ቤቷ ሄድኩ፤ ያም ሆኖ የመለሳት የእኔ ይቅርታ አይደለም፤ ልጇ «እማዬ፣ ቀና፣ ትፊ፣ ግፈፊ አደረግሽ አይደል? ሠራ እኮ!» ማለቱ ነው። እውነቱን ነው። በድንጋጤ መካከል እጇ የተማረውን በቅደም ተከተል ሠርቷል።

ስንመለስ ስምምነት አደረግን። የምለቃት ራሷ እጄን ሁለት ጊዜ ስትጨምቅ ብቻ ነው። በሦስተኛው ጠዋት ሁለት ጊዜ ጨመቀችኝ።

ሙሻ

ጉዞውን አላስረዝመውም። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ከዚያ ጅቡቲ። ባቲ የደረስነው ሰኞ ስለነበር የገበያው ሰውና ግመል መንገዱን ዘግቶት አንድ ሰዓት ቆምን።

ባሕሩ ከጠበቅኩት በላይ ረዳን። የባሕር ውሃ ከሐይቅ ውሃ ሁለት በመቶ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ሰውን ወደ ላይ ይሸከማል፤ ሙቀቱም ትንፋሽ አያስቆርጥም። ከሐይቅ፣ ከ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ወደ ባሕር ጠለል የወረደ ሰው አየሩም ይጠግበዋል። ሙሻ ደሴት አጠገብ፣ ደረት በሚደርስ አሸዋማ ቦታ ከጀልባው ወረድን። እጄን ያዘች። ሃምሳ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ ሌላ ጀልባ አለፈና ያስነሣው ሞገድ ቱቦዋን ሞላው። ይህን ስጠብቅ ነው ሦስት ወር የኖርኩት። ትንፋሼን ይዤ አየኋት። «ቱ!» አለች፤ ውሃው ከቱቦዋ እንደ ምንጭ ወደ ላይ ተወረወረ። ቀና እንኳን አላለችም። ከዚያ እጄን ሁለት ጊዜ ጨመቀችው።

ኮራሉ ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየች። ሪፉ፣ የኮራሉ ክምር፣ አልቆ ወለሉ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚወርድበት ጠርዝ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች፤ ጥቂት አየችው፤ ዞራ ተመለሰች። በማግስቱ እህቷ ዌል ሻርክ እንድታይ ለመነቻት፤ ዘሃራ «እርሱ ጥልቅ ላይ ነው፣ ለከርሞ» ብላ ጀልባው ላይ ቀረች። ድሮ ቢሆን ይህን ሽንፈት ብዬ እመዘግበው ነበር። አሁን ግን የት ድረስ መሄድ እንደምትችል የምታውቅ ሴት አድርጌ ነው ያየኋት፤ ባሕር ላይ የጎዱኝ ይህን የማያውቁት ናቸው።

ጀልባው ላይ ስትወጣ መጀመሪያ የተናገረችው ስለ ቀለሙ አልነበረም። «አጎቴ፣ ይሰማል!» አለች። በቀቀን ዓሣ የሚባለው፣ ምንቃር የመሰለ አፍ ያለው ዓሣ፣ ኮራሉን ሲግጥ ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ የሚል ድምፅ አለው። ውሃ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል። የጋጠውን ድንጋይ ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ እንደሚያስወጣ ለእኔ የነገረችኝ እርሷ ናት፤ ድምፅ እንዳለው ግን በአሥራ አንድ ዓመት ማስተማር ያነበበችው መጽሐፍ ሁሉ አልነገራትም።

የካቲት ላይ ሳፋውን ተዋሰችን። ቱቦውንና ጡጦውን ጨምራ ትምህርት ቤት ወሰደችው፤ ስለ ሳንባ ስታስተምር ተማሪዎቹ የቱቦውን መጠን በየተራ እንዲለኩ ነው። ጡጦውን በሳምንቱ መለሰች። ባለቤቴ ልብስ በምታጥብበት ቅዳሜ ሁሉ ስለ ሳፋው የምትጠይቀው እኔን ነው።